ውድ ደንበኛችን

ቅዳሜ ገበያ፣ ሰላ ድንጋይ ላይ፣
ጋሽ ይፍሩ ስልካቸውን ዘረጉልኝ፦ «ምን ይላል? እስቲ እይ።»

«ውድ ደንበኛችን፣ ከሐምሌ አንድ ወዲህ
ሁለተኛው ትውልድ አይሠራም።»
«የቱ ነው ሁለተኛ? እኔ ነኝ አባቴ?»
ሣቅሁ። እሳቸው ግን አልሣቁም።

ማዶ፣ ከሞፈር ውሃ ገደል ባሻገር፣
ታናሽ እህታቸው ዘነቡ አለች፣ መንዝ ምድር።
ይቺ ባለ ቁልፍ፣ ወገቧን በላስቲክ የታሰረች፣
አሥራ አራት ዓመት ስታላልካቸው አንዲት ብር አልበላች፦
አንዴ ስትጮህ — ዝናቡ ጥሏል፣
ሁለቴ — በሬው ከሕመሙ ድኗል፣
ሦስቴ ከጮኸችማ — ነጠላ አዘቅዝቆ መምጣት።
ማንሳት የለም። ማንሳት ብክነት፣ ማንሳት ኃጢአት።

እዚያው ደወሉ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
አራት።
አራተኛ ትርጉም የለው። እጃቸው ራደ፤
ከማዶ ድምፅ ወጣ፣ ያረጀ፣ የከበደ፦
«ማን ሞተ?»
«ማንም። ስልኩ ነው።»
ዝም አሉ። ገደሉም አብሮ ዝም።
ሒሳቡ አለቀ፣ አላወቁም።

ሌላ ቀፎ አሳየሁ፣ የሚዳሰስ፣ ባለ መስታወት፤
ዋጋውን ሰምተው ገፉት።
«ይቺስ» አሉ፣ ያቺኑ አገላብጠው፣
«አናቷ ላይ ያለው ባትሪ ያለ ኔትወርክ ይበራል?»
«ይበራል» አልኳቸው።

«ማዶ ድረስ ይታያል?»