ለእጅ ዐሥር እጅ

ታርቱ ላይ በጥር ወር፣ በረዶው ሲጋገር፣
የከብት ሐኪም ዕጩ አእምሮውን ስሰፍር፣
ለጽሑፍ ፈተና ሰባ እጅ መደብኩ፤
ለአንደበት ሃያ እጅ፣ ለእጅ ዐሥር እጅ አልኩ።

ታቬት ዘጠና አራት፣ ያውም ሳይደናቀፍ፤
ሄልሚ ሠላሳ አንድ፣ ግማሹን ሳትጽፍ።

ሌሊት ተደወለ ከአንድ ከብት አርቢ ቤት፤
ላሚቱ ምጥ ይዟት፣ ጥጃው ተጠምዝዞባት።
ሁለቱን ይዤ ሄድኩ። በረቱ ጨለማ።
ታቬት ከነገጹ ሲያነበንብ ተሰማ፤
መጠኑን፣ መርፌውን፣ የአጥንቱን ስያሜ፤
አንድም አልሳተም፣ መሰከርኩ ቆሜ።

ሄልሚ ሳትናገር፣ ክንዷን ሳሙና ቀብታ፣
ዓይኗን ጨፈነችው፣ ላሟን ተጠግታ፤
ምጡ ሲመጣ ቆማ፣ ሲለቅ እየገፋች፣
በጣቷ እያነበበች ጥጃውን አዞረች።

ግን ደሟ ሲጎርፍ፣ ልኩን ሳይስተው
መርፌ ወግቶ ያቆመው ታቬት ነው፤ አልክደው።

ስመለስ ‹ለእጅ ዐሥር እጅ› ይላል ሠንጠረዤ፤
ፍግ በነካው ጫማ ቆምኩ ላጲስ ይዤ።
ዐሥሩን ፍቄ ሌላ ቁጥር ግን አጣሁ፤
ምን ልበል እንግዲህ?
ለእጅ፣ እጅ ሰጠሁ።