ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

መጠይቁ ረዥም ነው፣ አሥራ አራት ገጽ ሙሉ፤
«ጠይቂ፣ ምልክት አድርጊ፣ ቀጥዪ» ነው ቃሉ።
በድሬ ፀሐይ ላይ፣ ለገሃሬ ሰፈር፣
ጃንጥላ ዘርግቼ ከቤት ቤት ስዞር፣
የቆዩ ሕመሞች፣ ሁለት ከዚያም በላይ
ያደሩበትን ሰው በየጓሮው ሳይ፣
ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ሞልቼ ጨርሼ
ሮብሌ ዋይስ ደጅ ደረስኩ ላቤን አብሼ።

የባቡር ሰው ናቸው፣ የድሮ ኮንትሮለር፤
ሠላሳ ዓመት ቲኬት የበሱ እስከ ጅቡቲ ድንበር።
ሐዲዱን ሣር በላው፣ ጣቢያውም ዝም ብሏል፤
ብረት መብሻቸው ግን ዛሬም ኪስ ውስጥ ይውላል።

ጥያቄ ሰባት ላይ፦ «ካሉብዎ ሁሉ
ዋናው ሕመም የቱ ነው? አንድ ብቻ ይበሉ።»
ሳቁ። ሳል መጣና ሳቁን አቋረጠ፤
ከትራስ ሥር ፌስታል ወጥቶ ምንጣፍ ላይ ተገለበጠ።

አራት ካርድ፣ አራት ቀለም።
ሰኞ ለስኳሩ፣ ረቡዕ ለግፊቱ፣
ሐሙስ ለኩላሊት፣ ዓርብ ለአስምነቱ።
አንዱ ክፍል፦ «በቀን አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ»፤
ሌላው፦ «አቧራ ነው ድሬ፣ መቀመጥ ይልመዱ»።
ኩላሊት ክፍል ሲሉ ውኃ በልክ ይጠጣ፣
የግንቦት ፀሐይ ግን በልክ መቼ ወጣ?
ሁሉም ልክ ናቸው፣ ሁሉም የተማሩ፤
አንዱ ከደረት፣ አንዱ ከጣት ነው የጀመሩ።
ሙሉ ሮብሌ ግን፣ ከራስ ጠጉር እስከ ጥፍር፣
ቀጠሮ የላቸውም በየትኛውም በር።

«ልጄ» አሉ «እኔ ሳለሁ በሸማንደፈር፣
ቲኬት ያጣን ሁሉ አዲጋላ ላይ አወርደው ነበር፤
አራት ቲኬት ቆርጦ ለአንዲት ወንበር
ሲጋፋ ያየሁት የራሴን ገላ ብቻ ነው፣ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ አገር።»

«መውደቅህንስ?» አሉ ዘምዘም ከበር ቆመው፤
«ከረመዳን ወዲህ ለሱብሂ ሲወጣ አዙሮ እየጣለው፣
ጎረቤት ‹ጂን› አለ፤ ልጄ ‹እርጅና ነው›፤
እኔ እንጃ፤ ያ ሰው ግን መስጊዱን ናፈቀው።»

መጠይቄ ውስጥ የመውደቅ ቦታ የለም፤
«ሌላ» የሚል አለ፤ እሱም ይኼን አይችልም።

ካርዶቹን ጎን ለጎን፣ ክኒኖቹን ከየማሸጊያው
አወጣሁ፤ ጣቴ በየስሙ ላይ ሲሄድ ቆየው።
ረቡዕ የሰጣቸው ነጭ፣ ሐሙስ የሰጣቸው ቢጫ፤
ስማቸው ለየቅል፣ ፋብሪካቸው ለብቻ፣
ውስጣቸው ግን አንድ፤ ያው አንዱ መድኃኒት፣
ከሁለት በር የታዘዘ ለአንድ ደም፣ በአንድ ሌሊት።

ጂኑ ይኼ ነበር። ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩ።
ዘምዘም «ቢስሚላህ» አሉ። እኔ ስልክ ደወልኩ።
«ቢጫው ይቁም፤ ነገ ሁሉን ይዘው ይምጡ» አለች ዶክተር ነጅሚያ፤
ድምጿ ውስጥ ፋታ የለም፣ ወረፋ አለ ከወዲያ።

ማታ፣ ከዚራ ዛፎች ሥር ባለው ቢሮ
አስተባባሪያችን አየኝ ገጼን ቆጥሮ፦
«ጥያቄ ሰባት ባዶ ነው፤ ኅዳጉ ግን ተጨናንቋል፤
ኅዳግ አይቆጠርም፣ ኮምፒዩተሩ መች ያውቀዋል?»
እውነቱን ነው። ከቁጥር ጋር አልጣላም፤ የሺህ ሰው ድምር
አራቱን በር አንድ ቀን አንድ ያደርግ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ በምክር።
ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ከእሳቸው በፊት
ያለፍኳቸውን ቆጠርኩ፣ ፌስታላቸውን ያልፈታሁላቸውን፣ አንድ በአንድ፣ እስከ ንጋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደቻቱ ዳር፣
ሲመጡ አየኋቸው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ዓይናቸው ምድር ምድር።
ስኳሩ አልወረደም፤ ሳሉም አልተዋቸው፤
አራቱም አብረዋቸው አሉ፣ እንደ ጥላቸው።
ዶክተሯ አራቱን ካርድ የጻፈችባት አንድ ገጽ ከኪስ ወጣች፤
ጥጓ ላይ፣ በዚያው በድሮው መብሻ፣ ክብ ተበስታለች።
«አሁን ሕጋዊ ነኝ» አሉ፣
«ማንም አያወርደኝ ሜዳ ላይ፣ ቢሉ ባይሉ።»

ይኼም ኅዳግ ላይ ነው፤ ብዕሬ ቀለሙን ጨረሰ፦
ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት
ከሱብሂ በእግሩ ተመለሰ።