ሠላሳ ሰባት

ሠላሳ ሰባት ብዬ መዝገብ ላይ የጻፍኩት
እኔ ነኝ፤ በጠዋት በሜትር የለካሁት፣
ከመንገዱ አፋፍ፣ ከዋርካው ሥር ጀምሮ
እስከ ውሃው ከንፈር አንድ በአንድ ተቆጥሮ።
ቆርቆሮ ቆረጥን፣ ቀለምም ገዛንና
«ቅርስ ነው፣ አይፋቅም፣ አይነካም» አልንና
ሰቀልን። ጣናን ግን ማን ጠየቀ?

እድሪስ ነው የሳቀው፣ ደንገሉን ሲያስር፣
ከተገለበጠች አሮጌ ታንኳው ሥር፦
«አርባ አንድ ነው ጌታው፤ አራቱን ሐይቁ
ይዟቸው ነው እንጂ መች ፈርሰው ወደቁ።»
አልጻፍኩለትም ቃሉን። በመሥሪያ ቤታችን
ያልታየ አይመዘገብ፤ እንዲህ ነው ደንባችን።

የሰማሁትን ግን ይኸው፦
ግንበኛው ይባቤ ድንጋይ የጠረበው
ለጌጥ አይደለም፤ ለእንጨት ነው የገነባው፣
ከዘጌ በታንኳ የሚመጣው ሸክም
ዳገቱ ጭቃ ላይ ሰው ይዞ እንዳይሰጥም።
ኋላ እንጨቱ ቀረ።
በደርግ ጊዜ አንድ ወታደር ካልሲውን አጥቦ አሰጣበት፣
ተማሪዎች ለማትሪክ ሲያጠኑ ጀምበር ጠለቀችበት፣
ሙሽሮች ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቶ ተነሡበት፤
የየድንጋዩ ወገብ እንደ ማንኪያ ጎደጎደ፣
ስንቱ ወጣ፣ ስንቱ ወረደ።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሐይቁ ሸሸ ርቆ፣
እምቦጩ ደለል ላይ እንደ ጨርቅ ደርቆ።
አራቱ ብቅ አሉ።
ከታችኛው ግንባር በመሮ የተቆረጠ
ዐሥራ ዘጠኝ ጭረት፣ እኩል የተቀመጠ፤
ከሥሩ «የአንጓች» ይላል።

ልጇን አስጠራናት፤ ደጊቱ፣ ምርኩዝ ይዛ፣
ጭረቱን ዳሰሰች በአውራ ጣቷ፣ ፈዛ።
«አሸዋ የተሸከመችባቸው ቀኖች ናቸው፤ ያልተከፈሉ።
‹ውሃው ሲጎድል እሰጥሻለሁ› ብሏት ነበር አሉ።»

ደንቡን አነበብኩላት፦ አይፋቅም፣ አይነካ።
ሳቀች፦ «እዳውም እንኳ ቅርስ ሆኗል ለካ!»

ሐምሌ ገባ፤ ሐይቁም ተመልሶ ዋጣቸው።
ታፔላው ዛሬም ሠላሳ ሰባት ይላል፤
ማረሚያ ጽፌ ነበር፣ «ይታያል» ተብሏል።
እኔ ግን ስወርድ፣ ከውሃው ጠርዝ ስደርስ
አልቆምም፤ ጫማዬን አውልቄ
«ሠላሳ ስምንት» እላለሁ፣
እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ።