የፍላጎት መግለጫ

«ይህን የሕግ ዘርፍ ለምን መረጡ?» ይላል ቅጹ፤
«ከአምስት መቶ ቃል ሳያልፉ ይግለጹ።»
ማራኪ፣ ኪራይ ቤት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ኮምፒውተሬን ታቅፌ፣ ሳልቀምስ ራት፣
«ከልጅነቴ ጀምሮ...» ብዬ ሳልጨርስ ድርግም።
ቀበሌ አሥራ ስምንት ድርግም፤ እስከ አዘዞ ድርግም።

ሳቄ መጣ፣ ብቻዬን።
የኃይል ሕግ ልማር ባይዋ
አሥራ አንድ በመቶ ቀርቷታል ባትሪዋ።

ሰረዝኩት መጀመሪያውን፤ ደግሞም ውሸት ነበር፤
በልጅነቴ ያማረኝ በሰማይ መብረር፣
አዘዞ ከሚያርፈው ከዚያ ከነጩ አውሮፕላን
ሻይ እያዞሩ መኖር፤ ሕግንማ ማን አይቶ፣ ማን?

መምህር ሙጨ በድጋፍ ደብዳቤያቸው «ትጉህ ናት» ብለዋል።
እውነት ነው። ትጋቴን መዝገብ ቤት ያውቀዋል።
የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በሰኔ፣ በማለዳ፣
ኬላ ላይ ተይዛ አንጓች የምትባል፣ የአንድ ሸክም ባለ ዕዳ፣
ደን ጨፍጭፋለች ብዬ ክስ ጻፍኩባት፤
ወይራ ነበር እንጨቱ፤ ማስረጃም አላጣሁባት።
ኤግዚቢቱ ግቢው ውስጥ፣ ከዳኛው መኪና ጎን ቆሞ፣
የእርጥብ ልጡ ሽታ ችሎት ይገባል፣ መስኮት ተሳልሞ።

«ጥፋተኛ ነሽ ወይስ አይደለሽም?» አሉ ዳኛው።
አንጓች ነጠላዋን አጣፍታ ዞረች ወደ እኔ፦
«እኔስ ልጠይቅ፣ እቴ፤
መብራት ሲሄድባችሁ፣ ማታ ማታ፣
እናንተ ቤት ወጡ በምንድን ነው የሚንተከተከው?»
ሰው ሳቀ።
እኔ መዝገቤን አገላበጥኩ፤ ያልጠፋ ገጽ ፈለግሁ።
«አምስት መቶ ብር» ተባለ።
እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ያን ዕለት ማታም መብራት የለም። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ
አንድ ጆንያ ከሰል ገዛሁ፤ ምስር ሠራሁ ማግጄ።
ከየትኛው ደን? አልጠየቅሁም።
ሻጯም አልነገረችኝ።
ምስሩ ጣፈጠኝ።

ይህን ነው እንግዲህ የምጽፈው?

አንገረብን፣ ግድቡን፣ ሄዳችሁ እዩት፤ ደለል በልቶታል፤
ዛፉ ያለቀበት ተዳፋት በየክረምቱ ይወርድበታል።
ቧንቧዬ ውሃ የሚያየው በስንት ቀኑ ነው፤
አንጓችም እንጨት ቆርጣለች፤ ይህም እውነት ነው።
ለእሷ አንቀጽ አለኝ፣ ቁጥሩን በቃሌ የማውቀው፤
ለጨለማው ግን የለኝም። ጨለማን ማነው የሚከሰው?

ጻፍኩ፣ በስልኬ ብርሃን። ሰባት በመቶ። አራት።
«ራእይ» የምትለዋን አጥፍቼ አንጓችን አስገባሁባት።

ቀነ ገደቡ እኩለ ሌሊት። ፍላሽ በኪሴ፣ ወደ ፒያሳ።
የስማቸው ኢንተርኔት ቤት፤ ጄኔሬተሩ በር ላይ ሲያጓራ፣
ናፍጣው ጉሮሮ ሲከረክር፣ ጭሱ ወደ ፋሲል ግንብ ሲያመራ፣
ለአካባቢ ጥበቃ የጻፍኩት ወረቀት
ተራውን ጠበቀ፣ በዚያ ጥቀርሻ መሀል፣ በዚያ ሽታ ፊት።

ስማቸው አየልኝ። «አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቃል፤
አንድ ይተርፍሻል።»
አምስት መቶ ብር። አምስት መቶ ቃል። አንድ ብር ለአንድ ቃል።
ያን ገንዘብ ከየት አምጥታ እንደከፈለች ማን ይጠይቃል?
መዝገቡ ተዘግቷል።

«ተዋት» አልኩት። «ገና ያላገኘኋት ናት።»
«ይላክ?»
«ላክ።»
«ሃያ አምስት ብር» አለ። «የናፍጣ ጭማሪ አለበት።»