በእኔ ፈንታ

ቤርሼባ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣
ስድስት የማጠቢያ ማሽን ሌት ተቀን በሚያጓራበት፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንሶላ አጠፍኩበት።

ስሜ ፈንታነሽ ነው። አለቃችን ኒሲም
«ረዘመብኝ» ብሎ «ፋኒ» ሲለኝ፣ እኔም
አቤት እላለሁ፤ ስም ቢያጥር ደመወዝ አይቀንስም።

ከዳስ በዓል ወዲህ ግን፣
የጓሮ በር ለምጄ፣ በፊት ለፊት ገባሁ፤
ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣
ክንዴን ለመርፌ ሰጥቼ ጠብታ ቆጠርሁ።
ረቡዕን ተኝቼ ሐሙስ ታች ወረድሁ፤
ላይ የተኛሁበትን ታች መልሼ አጠብሁ።

አንድ ማክሰኞ ክርኔ ሥር የሆነ ነገር ቆረቆረኝ፤
ገለጥ አድርጌ ባየው አረንጓዴ ክር አፈጠጠብኝ።
አምና የተቀደደ አንሶላ፣ ነጩ ክር ሲያልቅብኝ
እኔው የጠቀምኩት ስፌት፣ ዞሮ እኔኑ ተሸከመኝ!
ነርሷን ጠርቼ «የእጄ ሥራ ነው» አልኳት፤
ሙቀቴን ለካች፤ ቅዠት መሰላት።

ሰው ሁሉ ያበረታኛል። ኒሲም «ይህዬ ቶቭ» ይላል፣
«ፈገግ በሉ» የሚል ወረቀት ሰዓት መምቻው ላይ ተለጥፏል፣
ልጄ ሊአት ስትደውል ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤
«እማ፣ ቤት ዋይ» ትላለች። ቤት ምን ይገኛል?
ቤት ስውል በሽታው ብቻዬን ያገኘኛል።
እዚህ ግን ወረፋ ይጠብቃል፤
ከአራት ቁጥር ማሽን ጋር ጠብ አለኝ፣ እሱ ይቀድማል።
ፀጉሬስ ቢረግፍ ማን ልብ ይላል?
የፕላስቲኩ ቆብ ሁላችንን እኩል ያደርጋል።

ባለፈው ከአንሶላ መሃል አንድ ነገር ወደቀ፤
ሰው ሠራሽ የጥርስ ድርድር፣ ታጥቦ የደረቀ፣
ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሎ፣ ለብቻው እየሳቀ።
«ጥርስ ባዳ ነው» ይል ነበር አባቴ፣ ደምቢያ ሳለን፤
ባለቤቱ ላይ ያቃስታል፣ እሱ ታች ይስቃል ከእኛ ጋር ሆኖ።
ሱማያ ጮኸች፣ ሉባ አማተበች፣ እኔን ሳቅ አፈነኝ፤
ሆዴን ይዤ፣ ስቄ ስቄ፣ የጎኔ ስፌት እስኪያመኝ።
በፖስታ አሽገን ላክንለት፣ ምሳ ሳይደርስበት።

ይኼ ነው እንግዲህ «ጥንካሬሽ» የሚሉት፤
ከባዳ ጥርስ ጋር መሳቅ፣ ከማሽን ጋር መጣላት።
ሌሊቱ ሌላ ነው።
ሌሊቱን አልነግራችሁም።

ሐሙስ ዕለት ጉልበቴ ከዳኝ፤ ክምሩ ሥር ተቀመጥሁ፤
«አይዞሽ» የሚል እንዳይመጣ አንገቴን ሰበርሁ።
ማንም አልመጣ። የራሃቷ ሱማያ ከቀኝ፣ ሉባ ከግራ፣
የእኔን ድርሻ አጠፉት፣ ያለ ወሬ፣ ያለ ጉራ።
ማታ መዝገቡን ሳየው ሁለት መቶ አርባ ተጽፏል፤
አጠገቡ፣ በሉባ ጠማማ የዕብራይስጥ ፊደል፣
ስሜ ሳያጥር፣ ከነሙሉ ርዝመቱ ተዘርግቷል።

«ግን ምን ማለት ነው?» አለችኝ፣ እጇን እያበሰች።
«ድርሻ ማለት ነው» አልኳት። «ደግሞም አንዷ ስትደክም
ሌላዋ በቦታዋ ስትቆም፣ በእሷ ፈንታ ይባላል።»
አሰበች፣ አሰበች፣ ቆቧን አወለቀች፤
«እንግዲያ ዛሬ ፈንታነሽ እኛ ነበርን» አለች።

ውጤቱ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ቀጠሮ ተይዟል።
አራት ቁጥር ማሽን ደግሞ ውኃ ማፍሰስ ጀምሯል፤
እኔ ከሌለሁ እሱን ማን ይቆጣዋል?