የሚነቀል ይሁን

ቀኑ የባለቀን ነው፤ ለእኛ የተረፈን ማታ፣
ሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ ወዲህ፣ አንዲት ጠፍ ቦታ።
ስንሻው ባጃጁን አንድ ሰዓት ላይ ያቆማል፣
ይስማው የሆቴሉን ሰሃን አጥቦ ይደርሳል፣
ትርንጎ ከዓሣ ቤት ስትመጣ፣ ክንዷ ላይ ቅርፊት ያበራል።
መረባችን እንኳ ታንኳ የጣለው ነው፣
አምባዛ በጥሶት እኛ የቋጠርነው።

እስካለፈው ጥቅምት በባጃጅ መብራት ነበር የተጫወትን፤
በአንድ ዓይን፣ ከአንድ ወገን፣ ግማሹን ሜዳ ጨለማ እየበላብን።
አንድ ማታ ባትሪው ሞተ። ሽንብጥ ድረስ ገፋን።
ባለንብረቱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤
አልተቆጣም፤ ቁልፉን ብቻ ተቀበለን።

ከዚያ ወዲያ መዋጮ፤ ከሰው ሁለት መቶ፣
ይስማው በሦስት ዙር፣ ከጉርሻው ቆጥቦ አውጥቶ።
እኔን ገንዘብ ያዥ አሉኝ፤ ታማኝነቴ ታይቶ
መስሎኝ ኮራሁ፤ ለካ ደብተር ያለው ጠፍቶ።

ቅዳሜ ለገበያ ስነሳ፣ ምክር በላይ በላዬ፦
«ደማቁን!» «ትልቁን!» «ዝናብ የሚችለውን!»
«ነጩን!» አለ ስንሻው፣ «ሌሊቱን ቀን የሚያደርገውን!»
ትርንጎ ብቻ፣ የጫማዋን ክር እያሰረች፣
ቀና ሳትል፣ «የሚነቀል ይሁን» አለች።
ምን ማለቷ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤
የቸኮለ ገዢ ጥያቄ አይወድም።

ሱቁ በር ላይ መብራቱ እንደ ሙዝ ተንጠልጥሏል፤
አቶ ገደፋው በአንድ ጣት ያበራል፣ ያጠፋል።
«ይሄ ሺህ ዋት!» ይላል፤ ካርቶኑም ሺህ ይላል።
«ስንት ሰዓት ይቆያል?» «እስኪነጋ!» «ሲያልቅስ?» «አያልቅም!» ይላል።
አነሳሁት፤ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ።
ሌላውን አነሳሁ፤ ከበደ፤ ደስ አለኝ፤
ነቅነቅ ሳደርገው፣ ከውስጡ አሸዋ ሹክ አለኝ።

ዋቱ በወረቀት፣ ባትሪው በክንድ ነው
ብዬ ስፈላሰፍ፣ አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ እጁን ደንገል የጫረው፣
ክር ሊገዛ መጥቶ ከጎኔ የቆመው፣
«ነጩን ተወው» አለኝ፤ «የሐይቁን ትንኝ ሁሉ ዘመድ የሚያደርገው።
ቢጫውን ውሰድ። ከፍ አድርገህ ስቀለው።
ከታች የመጣ ብርሃን ዓይን ነው የሚመታው፤
እኛ ስንት ሌሊት ታውረን መረባችንን ያጣነው
በገዛ ፋኖሳችን ነው።»

ቢጫውን ገዛሁ፤ መንጠቆ ያለው፣ ራሱ የሚነቀል፤
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ። የቀረው ለባሕር ዛፍ ምሰሶ ይውላል።
ስንሻው አይቶት፣ «ይህን ጧፍ ሸጡልህ?» ይላል።
ግን ኳሷ ታየች፤ ስትወጣ ታየች፣ ስትወርድ ታየች፣
ጥላዋ እንኳ ውኃው አፋፍ ድረስ ሮጣ ተመለሰች።
ማዶ የሆቴሉ ነጭ መብራት ትንኝ ለብሶ ቆሟል፤
እኛ ጋ አፍ ከፍቶ መሳቅ ይቻላል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ሃያ ለሃያ ላይ ሳለን፣
ትርንጎ እጇን አነሳች፤ «ሁለት ነጥብ ቀረው» አለችን።
ጨዋታውን መስሎን ነበር፤ ባትሪውን ነው የምትለን።
«እስኪያልቅ እንጫወት!» ሲል ይስማው፣ እሷ ገመዱን ፈትታ፣
ምሰሶውን ዘንበል አድርጋ፣
ራሱን ነቀለችው፤ እንደ በሰለ ማንጎ፣ በእርጋታ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከሜዳው እስከ ቤቷ
ውሻ የሚያድርበት፣ ጉማሬ ለሣር የሚወጣበት፣
አንድ አምፖል የሌለበት መንገድ አለ።
እኛ ነጥብ ስንቆጥር፣ እሷ ስትቆጥር የኖረችው እሱን ነው።
አንድ ቀን ልሸኝሽ ብያት አላውቅም፤
ደክሞኝ ነው። ደክሞኝ ነው።

«ልሸኝሽ?» አልኳት ያን ማታ።
«ኳሱን አንሳ» አለችኝ፤ ሄደች።
ደብተሬ ላይ፣ «ስንት ሰዓት ይቆያል» ከሚለው ሥር፣
«እና መንገዱ» ብዬ ጨመርኩ፣ ባይታየኝም።

አሁን በየማታው ቆመን እናያታለን፤ ቢጫዋ ነጥብ ዳር ዳሩን ትሄዳለች፣
ደንገሉ ይውጣታል፣ ትወጣለች፣
ትቆማለች፤ ውሾች፤ ትቀጥላለች።
መጨረሻ ላይ፣ ከሩቅ፣ ሁለት ጊዜ ጠፍታ ትበራለች።

ገባች።

ከዚያ እኛ ኳሳችንን ታቅፈን፣ እርስ በርስ እየተጋጨን፣
በጨለማ ወደየቤታችን።