ላልቶም፣ ጠብቆም

ክንዱ ረጅም ነው ማሽኑ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ፤
ቁጭ ብለው አይሰፉበትም፣ ቆመው ነው መንዳቱ።
እንደ ጋሪ እጀታውን ይዤ፣ በሐዲዱ ላይ ስገፋው፣
ክፍሌን የሚያህል ብርድ ልብስ ነው፣ በአንድ ሌሊት የምሰፋው።

የዛሬው የሠርግ ነው፤ የሙሽራ እናት ያዘዘችው፣
ላዩ ነጭ፣ ገበሩ ቀይ፣ ራሷ የመረጠችው።
«ቀይ ክር ለቀዩ፣ ነጭ ክር ለነጩ» ብላ
ባጃጅ ውስጥ ገባች፣ ግማሽ ቀብድ ከፍላ።

አላወቀችም።
ሁለት ቀለም ክር ማለት ገበና ማውጣት ነው፤
አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ፣ ስሕተቴን ማን ያየው?

አንዱ በመርፌ ከላይ፣ አንዱ በቦቢን ከታች መጥቶ፣
ጥጡ መሐል፣ ሰው ከማያየው ጨለማ ገብቶ፣
እዚያው ተቃቅፎ መቅረት ነው የስፌት ቁም ነገር፤
ነጩ ቀዩን ሳይጎትት፣ ቀዩም ነጩን ሳያስቸግር።

ዛሬ ግን ቀዩ ብቅ አለ።
ነጩ ላይ፣ በየስፌቱ ቀዳዳ፣
ቁንጫ ያደረችበት ገላ ይመስል፣
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ በመደዳ።

የላዩ ጠብቋል ብዬ አላላሁት፤
በሁለት ጣት፣ ሩብ ዙር፣ ወደ ግራ መለስኩት።
ገበሩን ገልጬ ከሥር ባትሪ አበራሁ፤
ነጩ ክር እንደ በግ ጠጉር ተጠቅልሎ አየሁ።
አጠበቅሁ፤ ቀዩ ወጣ። አላላሁ፤ ነጩ ወረደ።
የሀዋሳ ሀይቅ ነፋስ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ሄደ፣
የአላሙራ ውሾች ጮኸው ጮኸው ዝም አሉ፣
መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣
እኔም የሰፋሁትን እተረትራለሁ፣ የተረተርኩትን ልሰፋ።

አቶ ላሚሶ ቢኖሩ በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት፤
ማሽን ሲያስለው ይሰማሉ፣ እንደ ልጅ ነው የሚያደምጡት።
«ነይ» ይሉኝ ነበር፣ «ቦቢኑን ከነቤቱ በክሩ ጫፍ አንጠልጥዪው፤
ተሰቅሎ ከቀረ ጠብቋል፤ ካመለጠሽ ላልቷል፤ እስቲ እዪው።
እጅሽን ነቅነቅ ስታደርጊ፣ እንደ ሸረሪት ወረድ ብሎ ከቆመ፣
ተዪው። ከዚያ ወዲያ የሚነካካው፣ እሱ ራሱ ታመመ።»

ይኸው እሳቸው ታመሙ። ሪፈራል ከተኙ አሥራ አንድ ቀናቸው።
ለልጃቸው ለዳንጊሴ ጻፍኩ፣ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት፦
«ቀዩ አልገባ አለኝ። ነቅተው ከሆነ ጠይቂያቸው፣
የቱን ልንካ?»

መልስ መጣ። «አባባ አለ»
ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ሁለት ቃል። አራት ነጥብ እንኳን የለው።
አማርኛ ሲጻፍ፣ የክሩን ውጥረት አያሳይም፤
ፊደሉ አንድ ነው፣ የላላውን ከጠበቀው አይለይም።
«ሰፊ» ላልቶ እኔ ነኝ፣ ካቻቢቴ የጨበጥኩ፣ ዓይኔ የቀላ፤
«ሰፊ» ጠብቆ ሀይቁ ነው፣ ከጨለማው ኋላ።
«አለ» ቢላላ ወሬ ነው፣ ጫፉ ገና ያልመጣ፤
«አለ» ቢጠብቅ ትንፋሽ ነው፣ የሚገባ፣ የሚወጣ።
ከኋላው አንዲት ፊደል ቀርታ፣ የዳንጊሴ ጣት አምልጧት ቢሆንስ?
እሷን ፊደል አልጠራኋትም።
መርፌውን ጨርቁ ውስጥ እንደተተከለ ትቼ፣
ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቆሜ ቀረሁ።

ወፎቹ ከተንጫጩ በኋላ ነው የገባው ሁለተኛው፦
«ብሎኑን ተዪው። የቦቢኑ ቤት፣ ሞላው ሥር ጉድፍ ይኖራል። እፍ በዪው።
ደግሞ በሌሊት አትስፊ ብሏል።»

እፍ አልኩ። ከሞላው ሥር፣
ከሽፋሽፍት የማትበልጥ የጥጥ ብናኝ ወጣች፤
ሌሊቱን ሙሉ ሞላውን ከፍታ፣ ቀዩን ስትለቅ ያደረች።
ቦቢኑን በክሩ አንጠለጠልኩት። ነቅነቅ አደረግሁት።
ወረድ አለ፤
ቆመ።

ለካ ላልቶ «አለ» የተባለ ሰው፣ ጠብቆም አለ።

ጥግ ላይ፣ ጠርዙ ሲታጠፍ በሚሸፈነው በኩል፣
ሦስት ቀይ ነጥብ ሳልተረትር ተውኩ።
ሙሽራዪቱ አታያቸውም።
አቶ ላሚሶ ድነው ከመጡ ግን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
በአውራ ጣታቸው ያገኟቸዋል።